አንዲት ላፕቶፕ ለሁለት፦ ፎርማት ወይስ ስምምነት?

ዛሬ ፍቅረኛዋን የከዳች፣ ቀለበት የመለሰ የለም። የዛሬው ጠብ በእህትና በወንድም መሀል ነው። ያጣላቸውም ውርስ አይደለም፤ አንዲት ያረጀች ላፕቶፕ ናት። አትሳቁ! ደብዳቤውን አንብባችሁ ስትጨርሱ ሳቁ ይጠፋባችኋል።

ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። እንደተለመደው ስሟንና ሰፈሯን ትተነዋል። እንዲህ ትላለች፦

«በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቋሚ ሥራ ስላላገኘሁ የሦስት ሱቆችን ሂሳብ በፒችትሪ እየሠራሁ በማገኛት ገንዘብ ቤታችንን እደጉማለሁ። ላፕቶፗን እናቴ ዕቁብ ሲደርሳት ከሰው እጅ የገዛቻት ናት። ታናሽ ወንድሜ የኮምፒዩተር ተማሪ ነው። ‹ዊንዶውስ 10 አብቅቶለታል፣ ማሽኗም 11ን አትችልም፤ ፎርማት አድርጌ ሊኑክስ ልጫንባት› እያለ ይነዘንዘኛል። የኔ ፒችትሪ የት ይሂድ? በዚያ ላይ በሞት የተለየን የአባታችን ፎቶና ቪዲዮ በሙሉ ያለው እሷ ላይ ነው። ባለፈው እሁድ ሌሊት ተደብቆ ሊጭን ሲል ደረስኩበትና ሰፈር እስኪሰማ ተጯጯህን። ይኸው እስከ ዛሬ አንነጋገርም። እናቴ ደግሞ ‹ሸጬ እገላገላታለሁ› ብላለች። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ግን አላምነውም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ስለ ላፕቶፗ ብዬ አልነበረም፤ «ግን አላምነውም» ያልሻት ነገር ነክታኝ ነው። ምክንያቱም እኔም በአንድ ወቅት ልክ እንደ ወንድምሽ ነበርኩ። ላውራሽ።

ታላቅ ወንድሜ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ነበረው። እኔ ደግሞ ሊኑክስ የሚባል ነገር ሰምቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እሱ ለሥራ ክፍለ ሀገር በወጣበት ሳምንት መጫኛውን በፍላሽ ይዤ መጣሁና ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቁጭ አልኩ። መጫኛው «ከዊንዶውሱ ጎን ልግባ ወይስ ዲስኩን ጠርጌ ልግባ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ መች አነበብኩት! «ቀጥል»፣ «ቀጥል»፣ «እሺ»… ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ አዲስ ሆኖ ተነሳ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ የወንድሜን ፋይሎች ስፈልግ የሉም። የልጁ የክርስትና ፎቶ የለም። የሠርጉ ቪዲዮ የለም። ባለሙያ ዘንድ ብወስደው የተወሰነውን ፎቶ ስሙ ጠፍቶ፣ አንዳንዱም ግማሹ ተቆርጦ አወጣልኝ። ቪዲዮው በዚያው ቀረ። ወንድሜ አልመታኝም፤ አልተሳደበምም። ለሁለት ወር ያህል ግን «ደህና ዋልክ?» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። እኔ ዱላውን እመርጥ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ የምመክርሽ ነገር እኔን ዋጋ አስከፍሎኛል። አንቺንም ወንድምሽንም እንዳያስከፍላችሁ ነው።

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ

ወንድምሽ አልዋሸሽም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ይህ ማለት ላፕቶፗ በማግስቱ አልነሳም ትላለች ማለት አይደለም፤ ትሠራለች። ነገር ግን ለሌባ የሚመች ቀዳዳ ሲገኝባት እንደ ድሮው በመደበኛነት የሚደፍንላት የለም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ክፍል ይጠይቃል። በደብዳቤሽ ግርጌ እንደጻፍሽልኝ ያንቺዋ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ናት፤ 8 ጊጋ ራምና 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ አላት። 11ን በጓሮ በር የሚያስገቡ አሉ፤ እንጀራሽ ያለበት ማሽን ላይ ግን አልመክርሽም።

አንቺም አልተሳሳትሽም። ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ በዘዴ ለማስነሳት የሚሞክሩ አይጠፉም፤ የሦስት ሱቅ ሂሳብ የያዘ ሰው ግን መሞከሪያ መሆን የለበትም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድነው? ሁለቱም በአንድ ዲስክ ላይ ይኑሩ። ዲስኩን እንደ አንድ ቤት አስቢው። አንዱ ክፍል ለዊንዶውስ፣ አንዱ ለሊኑክስ ይሰጣል። ላፕቶፗ ስትነሳ «የማን ክፍል ልክፈት?» ብላ ትጠይቃለች፤ አንዱን ትመርጣላችሁ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

እንዲያውም ላንቺም ይጠቅምሻል። ድጋፉ ባበቃ ዊንዶውስ የባንክ አካውንትና ኢሜይል መክፈት ጥሩ ልማድ አይደለም። ኢንተርኔቱን በሊኑክሱ በኩል ብታደርጊ፣ ዊንዶውሱን ኢንተርኔት ሳታገናኚ ለፒችትሪ ብቻ ብትተዪው፣ የሱቆቹም ሂሳብ ያንቺም ምስጢር የተሻለ ይጠበቃል።

ሊኑክስ ማለት ደግሞ የጠላት ስም አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርስቲ ተማሪ የጀመረው ነው፤ ከወንድምሽ ዕድሜ ብዙም አይርቅም ነበር ማለት ነው። አይነቱ ብዙ ነው። ለዊንዶውስ ለለመደ ሰው ሊኑክስ ሚንት ይቀለዋል፤ ለ8 ጊጋ ራምም አይከብድም። ራማችሁ 4 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች የሆነ አንባቢዎች ደግሞ ቀለል ያለውን ሉቡንቱን ሞክሩ። ሁለቱም በነፃ ነው የሚገኙት።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ኋላ እንዳትወቅሽኝ። ሁለት ሲስተም ማለት ሁለት ኮምፒዩተር ማለት አይደለም! በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። አንቺ ሂሳብ ስትሠሪ እሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ የሰዓት ክፍፍሉን የሚፈታላችሁ ሊኑክስም ዊንዶውስም አይደለም፤ እናንተው ናችሁ። እዚያ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ለሁለታችሁም ነው፤ ወንድምሽን ጥሪውና አብራችሁ አንብቡ።

አንደኛ፦ መጀመሪያ የአባታችሁን ፎቶ አድኑ

ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት ፎቶውና ቪዲዮው፣ የፒችትሪው ባክአፕ፣ የወንድምሽ የትምህርት ሥራ በሙሉ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልበጥ። ከሲ ወደ ዲ መገልበጥ ቅጂ አይባልም! ሲም ዲም ያሉት እዚያው አንድ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲሄድ ተያይዘው ይሄዳሉ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተዋሱ ወይም ግዙ። የአባታችሁን ፎቶ ደግሞ ሁለተኛ ቅጂ አድርጋችሁ ዘመድ ቤት አስቀምጡ። ፒችትሪን በተመለከተ ፎልደሩን መገልበጥ ብቻ ሳይሆን በራሱ በፕሮግራሙ የባክአፕ ምርጫ አውጪው።

ከዚያ ቅጂውን ሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ሰክታችሁ ክፈቱት። ፎቶው ይታያል? ቪዲዮው እስከ መጨረሻው ይሄዳል? ያልተከፈተ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። ይህን ሳታረጋግጡ ወደ ሁለተኛው ብትሄዱ እኔ የለሁበትም።

ሁለተኛ፦ ሳትጭኑ ቅመሱት

8 ጊጋ የሆነ ፍላሽ ይበቃችኋል። የሊኑክስ ሚንት ፋይል ወደ 3 ጊጋ ገደማ ስለሆነ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሄዳችሁ አውርዱ። ሩፈስ በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ትጭኑታላችሁ። ልብ በሉ፣ ፍላሹ ላይ የነበረው ነገር ይጠፋል፤ መዝሙርም ይሁን ፊልም አስቀድማችሁ አንሱት።

ላፕቶፗን ስታበሩ ከፍላሹ እንድትነሳ የሚያደርገውን ቁልፍ ትጫናላችሁ። እንደ ማሽኑ ሥሪት ኤፍ 12፣ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ ሊሆን ይችላል። ሊኑክሱ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ይነሳል። ዋይፋይ ይሠራል? ድምፅ አለ? አማርኛ ይነበባል? አንቺም እህቴ እንግዳ ሆነሽ አትቁሚ፤ አይጡን ያዢና ነካ ነካ አድርጊው። ካልተመቻችሁ ፍላሹን መንቀል ነው፤ ምንም አልተነካም።

ሦስተኛ፦ ዊንዶውሱን አዘጋጁት

አንዳንድ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እነሱ ላይ ነው።

ዊንዶውስ «ዘጋሁ» ሲል ሁልጊዜ አይዘጋም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ነገር በርቶ ከሆነ ግማሽ እንቅልፍ ነው የሚተኛው። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ፋይሎች ልጻፍባቸው ቢል ይበላሻሉ፤ ስለዚህ አጥፉት። ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ እንደሆነም እዩ። ከተቆለፈ የመክፈቻ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ አለበለዚያ ራሳችሁን ከቤታችሁ ውጭ ትቆልፋላችሁ።

ቀጥሎ ዊንዶውሱ የተጫነው በአዲሱ በዩኢኤፍአይ ነው ወይስ በድሮው በሌጋሲ? የዊንዶውሱ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ላይ ባዮስ ሞድ በሚለው ትይዩ ታገኙታላችሁ። ሊኑክሱንም በዚያው ዘዴ ጫኑት። አንዱ በአዲሱ ሌላው በድሮው ከሆነ መምረጫው ላይ አይገናኙም፤ ያኔ «ዊንዶውሴ ጠፋ!» የሚል ጩኸት ይነሳል።

ቦታ ማካፈሉን በራሱ በዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት አድርጉት፤ ሽሪንክ የሚለውን ምርጫ ነው የምትጠቀሙት። የ500 ጊጋ ዲስክ ዊንዶውስ ውስጥ 465 ገደማ ሆኖ ነው የሚታየው፤ አልተሰረቃችሁም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ለዊንዶውስ 200፣ ለሊኑክስ 65፣ የቀረውን 200 ሁለቱም ሲስተሞች ለሚያነቡት የጋራ ክፍል ብታደርጉት ጥሩ ነው። የሁለታችሁም ሰነድና ፎቶ የጋራው ክፍል ላይ ይቀመጣል።

ድሮ የተከፋፈለ ዲስክ ከአራት ዋና ክፍል በላይ የማይቀበል ሊሆን ይችላል። አራቱ ሞልተው ዊንዶውስ «ወደ ዳይናሚክ ልቀይረው?» ብሎ ከጠየቃችሁ እምቢ በሉ! እሺ ያለ ሰው ኋላ ሁለተኛ ሲስተም መጫን ያቅተዋል። እዚህ ላይ ከደረሳችሁ ቆም ብላችሁ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለውም አትከፋፍሉት። የሚሞት ዲስክ ነው፤ ፋይላችሁን ብቻ አውጡ።

አራተኛ፦ መጫኑ

የሚጫነው ቀን ላይ፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት ነው። ሌሊት ተደብቆ መጫን ቀረ! ቻርጀሩ ይሰካ፣ ባትሪውም መብራት ቢሄድ ቢያንስ አንድ ሰዓት መያዙን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ክፍል እየተሸጋሸገ እያለ መብራት ጠፍቶ ማሽኗ ከጠፋች ጉድ ነው። ባትሪዋ የሞተ ከሆነ ዩፒኤስ ተዋሱ።

መጫኛው ያንን የኔን ጥያቄ ይጠይቃችኋል። ኢሬዝ ዲስክ የሚለው ሁሉንም ጠራርጎ የሚያጠፋው ነው፤ እጃችሁ እዚያ አይድረስ። እናንተ የምትፈልጉት ከዊንዶውሱ ጎን ጫን የሚለውን ወይም ሰምቲንግ ኤልስ የሚለውን ነው። በሁለተኛው ከሄዳችሁ ለሊኑክስ የተዋችሁትን ባዶ 65 ጊጋ ትመርጣላችሁ። ከመጨረሻው «እሺ» በፊት ምን ሊያደርግ እንደሆነ ይዘረዝራል። እህቴ፣ ያንን ዝርዝር ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ወንድምሽ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳሽ። ሁለታችሁም ሳትስማሙ ቁልፉ አይጫን።

ቅደም ተከተሉንም ሌሎች አንባቢዎች ያዙልኝ፦ ዊንዶውስ መጀመሪያ፣ ሊኑክስ ቀጥሎ። ሊኑክስ ሲገባ ጎረቤቱን አይቶ መምረጫው ላይ ይጽፈዋል። ዊንዶውስ ግን ኋላ ከገባ ጎረቤት እንዳለው አያውቅም፤ በሩን ለራሱ ብቻ ያደርገዋል።

አምስተኛ፦ ሰዓቱ ቢዛባ አትደንግጡ

ከተጫነ በኋላ ላፕቶፗ ስትነሳ ግረብ የሚባል መምረጫ ይመጣል። ወደ ሊኑክስ ገብታችሁ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ታገኙት ይሆናል። ቫይረስ አይደለም። ዊንዶውስ የማሽኑን ሰዓት የአገሩ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ ሊኑክስ ደግሞ የዓለሙን ሰዓት ያስቀምጥበታል። እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ላንቺ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የምትመዘግቢው ደረሰኝ የትናንት ቀን ሊይዝብሽ ይችላል። ሊኑክሱን በአንዲት መስመር ትዕዛዝ «አንተም የአገሩን ሰዓት ያዝ» ማለት ይቻላል፤ እሱን ለወንድምሽ የቤት ሥራ ስጪው።

አማርኛ ለመጻፍም አትቸገሩም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በሁለቱም ሲስተም ይነበባል፤ ሊኑክሱ ላይ የአማርኛ መጻፊያውን ከቋንቋ ማስተካከያው መጨመር ብቻ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ካላችሁ ግን ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ የተመሰቃቀለ ምልክት ሆኖ ይወጣል። እሱን በዊንዶውሱ ክፈቱት።

ብር ካላችሁ

ከሁሉ የማያሰጋው መንገድ ዲስክ አለማካፈል ነው። የድሮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የሲዲ ቦታ አላቸው። ሲዲው ወጥቶ በመያዣ ሁለተኛ ዲስክ ይገባበታል፤ ሊኑክሱ እዚያ ላይ ይጫናል፣ ያንቺ ዲስክ አይነካም። ኤስኤስዲ ከሆነ ደግሞ አሮጊቷ ፈጠን ስትል ታያላችሁ። አሁን ባይኖራችሁም ለወደፊት አስቡት።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ። አንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የሱቆቹ ሂሳብ የሚዘጋበት የወሩ መጨረሻ ያንቺ ነው፤ የፈተናው ሰሞን የሱ ነው። የቀረው ቀን በሰዓት ይከፈል። የዕቁቧ ባለቤት እናታችሁ ስለሆኑ ወረቀቱን እሳቸው ፊት ነው የምትጽፉት። ሁለት ልጆቻቸው አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ሲነጋገሩ ካዩ «ሸጬ እገላገላታለሁ» የሚሉት አይመስለኝም።

ወንድሜ ሆይ፣ ይህንን ደግሞ አንተ አንብበው። ያሰብከው ነገር መጥፎ አልነበረም፤ ጥፋትህ ሌሊት መሆኑ ነው። እህትህ ስለ ዲስክ ክፍል ላታውቅ ትችላለች፤ አባታችሁ ምኑ ላይ እንዳለ ግን አሳምራ ታውቃለች። ስለዚህ መጫኛውን ከመክፈትህ በፊት ኤክስተርናሉን ያዝና ሂድ፤ «ነይ መጀመሪያ የአባዬን ፎቶ አብረን እንገልብጥ» በላት። ያን ቀን ፎቶ ስታዩ ውላችሁ ምንም ሳትጭኑ ብታመሹም ግድ የለም፤ ሊኑክሱ የትም አይሄድም።

እህቴ፣ ከተጫነ በኋላ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። ካልተሳካም ጻፊልኝ።

ሌሎቻችሁም የሚያጨቃጭቃችሁን ላኩ፤ ስማችሁ አይወጣም። እስከ ሳምንት በቸር ቆዩኝ።